ሰላዩ ለምን ቪዛ ሰጠ? ስለ ፍራንክ ፎሊ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የታሪክ መምህር ነኝ። ከናዚ እጅ አይሁዶችን ስላስመለጡ ዲፕሎማቶችና ሰላዮች ለተማሪዎቼ የታሪክ ክበብ ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ እንግሊዛዊው ፍራንክ ፎሊ ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። ናዚዎች አይሁዶችን ማጥፋት ከፈለጉ እንዴት በቪዛ ይለቋቸዋል? ደግሞስ ሰውየው ዲፕሎማት ከሆነ ማንም አይነካውም፤ ማህተም መምታት ምኑ ላይ ነው ጀግንነቱ? ሰላይ ስለነበረስ ቪዛውን መረጃ ለመግዣ ተጠቅሞበት ይሆን? አንዱ ተማሪ ይህን ቢያነሳብኝ የምመልሰው የለኝም።»

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። ናዚ ከመጀመሪያው መውጫውን ዘግቶ ነበር የሚለው አንዱ ነው። ፎሊ ዲፕሎማት ነበር የሚለው ሌላው። ቪዛው የስለላ መጠቀሚያ ነበር የሚለው ሦስተኛው። ሦስቱም በብዙ ሰው ዘንድ ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ ተማሪዎችዎም ይዘዋቸው ይመጣሉ ብለው ይጠብቁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመውጫው እንጀምር። ሂትለር ሥልጣን ከያዘበት ከ1933 ጀምሮ እስከ 1941 ድረስ የናዚ መንግሥት ይፈልግ የነበረው አይሁዶች ከጀርመን እንዲወጡለት ነው። በሰላም ሂዱ ብሎ ግን አልነበረም። ሥራቸውን ይነጥቃል፣ ሱቃቸውን በርካሽ ያሸጣል፣ ሲወጡ የስደት ግብር የሚባል ያስከፍላል፣ የተረፈውን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ያግዳል፣ ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይሸኛቸዋል። ስደት በይፋ የታገደው በኦክቶበር 1941 ነው። ያን ጊዜ ዕቅዱ ከማባረር ወደ ጅምላ ግድያ ተለውጦ ነበር። ስለዚህ ከ1941 በፊትና በኋላ ያለውን ታሪክ በአንድ ላይ ካወሩት ምንም ነገር አይገጥምም። እርስዎንም ግራ ያጋባዎት ይኸው ይመስለኛል።

መውጣት ከተቻለ ታዲያ ችግሩ የት ነበር? መግባት ላይ። የሚቀበል አገር አልነበረም። በጁላይ 1938 የ32 አገሮች ተወካዮች በፈረንሳይዋ ኤቪያን ከተማ ስለ ስደተኞቹ ጉዳይ ተሰብስበው ዘጠኝ ቀን ተነጋገሩ። ሁሉም ማዘኑን ገለጸ። በርከት ያሉ ሰዎችን እቀበላለሁ ያለችው ግን ትንሿ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። እንግሊዝ ደግሞ የምታስተዳድራትን ፍልስጤምን በኮታ ዘግታ ነበር፤ በሜይ 1939 ባወጣችው የፖሊሲ ሰነድ ለአምስት ዓመት በጠቅላላው ከ75,000 አይሁዶች በላይ አላስገባም አለች። ለነገሩ እኛም አገር ድረስ የደረሰ ሐሳብ ነበር። በጃንዋሪ 1939 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሮም ባለው አምባሳደራቸው በኩል ለሙሶሊኒ መልእክት ላኩ፤ ያኔ በጣሊያን ወረራ ሥር ከነበረችው ኢትዮጵያ የተወሰነው መሬት ለአይሁድ ስደተኞች መስፈሪያ ይሁን የሚል። ሙሶሊኒ እምቢ አለ። የመሬቱን ባለቤቶች የጠየቀ አልነበረም። ይህን የማነሳው መንግሥታት የራሳቸውን በር ላለመክፈት የሰው አገር ካርታ ሲያገላብጡ እንደነበር ስለሚያሳይ ነው፣ ተማሪዎችዎም ይህን ቢሰሙ ጉዳዩ ወዲያው ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ቪዛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው። በኖቬምበር 9 ሌሊት 1938፣ ክሪስታልናኽት በሚባለው ሌሊት፣ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ የአይሁዶች ሱቆች ተሰባበሩ። በዚያው ሰሞን 30,000 ገደማ አይሁዳውያን ወንዶች ታፍሰው ዳኻው፣ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፖች ገቡ። ከነዚህ ብዙዎቹ ሊለቀቁ የሚችሉት ከአገር እንደሚወጡ ማረጋገጫ ካቀረቡ ነበር። ሚስት ወይም እናት ከአንዱ ቆንስላ ወደ ሌላው ትሮጣለች። ቪዛ ካገኘች ወረቀቱን ለናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ለጌስታፖ ታሳያለች፣ ባል ወይም ልጅ ይለቀቃል። ያኔ በጀርመን እጅ በነበረችው ቪየና ላይ የነበረው የቻይና ቆንስል ሆ ፌንግ ሻን ለሻንጋይ ቪዛ ሲያድል ብዙ ሰው ያልገባው ነገር ይህ ነው። ሻንጋይ ለመግባት ያኔ ቪዛ አያስፈልግም ነበር። ወረቀቱ ያስፈለገው ከጀርመን እጅ ለመውጣት ነው።

አሁን ወደ ፎሊ። ፍራንክ ፎሊ በ1884 ሱመርሴት በተባለ የእንግሊዝ ገጠራማ አውራጃ የተወለደ፣ አጠር ያለ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲያዩት ተራ የቢሮ ሠራተኛ የሚመስል ሰው ነበር። በይፋ የሚታወቅበት ሥራው በርሊን ውስጥ የእንግሊዝ የፓስፖርት ቁጥጥር ሹም መሆኑ ነው። በስውር ደግሞ የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት፣ ዛሬ ኤም አይ 6 የምንለው፣ የበርሊን ኃላፊ ነበር። ይህ አሠራር የእሱ ብቻ አልነበረም። ድርጅቱ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ ሰዎቹን የሚያስቀምጠው በፓስፖርት ቁጥጥር ቢሮ ሽፋን ነበር።

ዋናው ስሕተትዎ ያለው እዚህ ነው። የፓስፖርት ቁጥጥር ሹም ከኤምባሲው ዲፕሎማቶች ጋር አይቆጠርም። ያለመከሰስ መብት የለውም። ፎሊ ቢያዝ ጀርመኖቹ እንደማንኛውም ሰላይ አስረው ሊመረምሩት፣ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡትም ይችሉ ነበር። ይህ እንዲያው ፍርሃት ብቻ አይደለም። በኦገስት 1938 ቪየና ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ የነበረውን ቶማስ ኬንድሪክን ጌስታፖ ያዘው፣ ለቀናት መረመረው፣ በስለላ ከስሶ ከአገር አባረረው። የኬንድሪክ ቢሮም ለአይሁዶች ቪዛ በመስጠት ተጨናንቆ የነበረ ቢሮ ነው። ፎሊ ይህን እያወቀ ነው በርሊን ላይ ሥራውን የቀጠለው። ከዚያ አልፎ ከኖቬምበሩ ጭፍጨፋ በኋላ የሚታደኑ ሰዎችን ከባለቤቱ ጋር በቤቱ አሳድሯል። ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ድረስ እየሄደም ሰዎች እንዲለቀቁ አድርጓል። ሰላይ ሆኖ ሳለ በገዛ እግሩ ወደ ጌስታፖ ዓይን መግባት ማለት ነው።

ማህተም መምታት ቀላል ነው ላሉት ደግሞ ሕጉን ላሳይዎት፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወደ ፍልስጤም ለመግባት ከነበሩት መንገዶች አንዱ የባለሀብት ቪዛ የሚባለው ነበር። አመልካቹ 1,000 ፓውንድ እንዳለው ማሳየት አለበት። ያኔ 1,000 ፓውንድ ለአንድ ተራ እንግሊዛዊ ሠራተኛ የበርካታ ዓመታት ደመወዝ ነው። ጀርመን ውስጥ ያለ አይሁዳዊ ያን ያህል ሀብት ቢኖረው እንኳ የናዚ ሕግ ገንዘቡን ከአገር ይዞ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። አየችሁት? አንዱ መንግሥት ገንዘቡን አሳይ ይላል፣ ሌላው ገንዘቡን አትንካ ይላል፣ ሰውየው መሃል ላይ ይቀራል። ኤምባሲ በር ላይ የባንክ ስቴትመንት ይዞ ተሰልፎ የሚያውቅ የኛ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ያኔ ቪዛ መከልከል ማለት ቤት መመለስ ሳይሆን ካምፕ መግባት ሊሆን መቻሉ ነው።

ፎሊ ምን አደረገ? ሕጉ ለሹሙ የማመዛዘን ሥልጣን ይሰጠዋል። የቀረበለትን ማስረጃ በቂ ነው ወይም አይደለም የሚለው ራሱ ነው። ሥልጣኑ የተሰጠው አጣራና ከልክል ለማለት ነበር። እሱ ግን ለመፍቀድ ተጠቀመበት። ገንዘቡ በእጁ የሌለው ሰው ሲመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንደሚሰጠው የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣ ይቀበለዋል፤ ያ ገንዘብ በተግባር እንደማይመጣ እያወቀም ቢሆን። የጤና መስፈርት የሚጥለውን ሰው ያሳልፋል። በናዚ ሕግ ታስሮ የነበረ ሰው የወንጀል መዝገብ አለበት ተብሎ እንዳይቀር መዝገቡን በሌላ ዓይን ያየዋል። በርሊን ከነበሩ የአይሁድ ድርጅት ሰዎች ጋር፣ በተለይ ከሁበርት ፖላክና ከዊልፍሪድ እስራኤል ጋር፣ ተናቦ ይሠራ ስለነበር ማን በቶሎ መውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ይህን በማድረጉ ሕግ ጥሷል ወይስ አልጣሰም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ይኖራል። አንዳንዱን ሕጉ በሚፈቅደው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው ያደረገው፤ አንዳንዱን ጠርዙን አልፎ። ሁለቱንም እንዳለ ይንገሯቸው። ሁሉንም ነገር ሕግ ጥሶ ነው ያደረገው ብሎ ማጋነን ታሪኩን ያበላሸዋል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሹማምንት «ሕጉ አልፈቀደልንም» ሲሉ እውነት ይመስልላቸዋል። ሕጉ ለእነሱም ያንኑ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ስለ ስለላው ነው። እኔ የማውቀው ማስረጃ የሚያሳየው የተገላቢጦሹን ነው። የቪዛው ወረፋ የስለላ ሥራውን ነው የጎዳው። በ1938 መጨረሻ የበርሊኑ ቢሮ በር ላይ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። ለጦርነት የሚዘጋጅ አገር ውስጥ የተቀመጠ የስለላ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ፎርም ሲሞላ ይውላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የፓስፖርት ቢሮ ሽፋኑ በጀርመን ፀረ ስለላ ዘንድ የታወቀ ሆኖ ነበር። ለአንድ ሰላይ ብልህነቱ ራስን መደበቅ ነው። ፎሊ ግን ራሱን የበለጠ የሚያጋልጠውን መረጠ። አብረውት የሠሩ የአይሁድ መሪዎች ከጦርነቱ በኋላ ስለ ደግነቱ መስክረዋል፤ ቤኖ ኮን በ1961 ኢየሩሳሌም ላይ በተካሄደው፣ አይሁዶችን ወደ መግደያ ካምፖች በማጋዝ በተከሰሰው የናዚ ባለሥልጣን በአይኽማን ችሎት ስሙን አንስቶ ተናግሯል። ፎሊ ግን ይህን ሳይሰማ በ1958 አርፎ ነበር። ሥራው ምስጢር ስለነበር ጎረቤቶቹ እንኳ ምን ሲሠራ እንደኖረ አያውቁም። የእስራኤሉ የጭፍጨፋው ሰለባዎች መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም አይሁዶችን ላዳኑ አይሁዳዊ ያልሆኑ ሰዎች በሚሰጠው ስም የአሕዛብ ጻድቅ ብሎ የሰየመው በ1999 ነው።

ስለላና ቪዛ በእውነት የተቆላለፉበትን ሰው ከፈለጉ የጃፓኑን ቺዩኔ ሱጊሃራን ይዩ። ሱጊሃራ በ1939 መጨረሻ የሊትዌኒያዋ ካውናስ ከተማ ምክትል ቆንስል ሆኖ ሲላክ ዋና ተልእኮው የሶቪየትና የጀርመን ጦር እንቅስቃሴን መከታተል ነበር። ከተማው ውስጥ ይህ ነው የሚባል ጃፓናዊ እንኳ አልነበረም። ለዚህ ሥራ ከፖላንድ የስለላ ሰዎች ጋር ይገናኝ ነበር፤ ከፖላንድ የሸሹትን ሰዎች ጉዳይም በቅርብ ያውቅ ነበር። በ1940 አጋማሽ ሶቪየት ሊትዌኒያን ስትጠቀልልና ቆንስላዎች እንዲዘጉ ስታዝ ስደተኞቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያን ዝዋርተንዳይክ የሚባል ሆላንዳዊ። የፊሊፕስ ኩባንያ ወኪል ነበር፣ በተደራቢነት ተጠባባቂ የሆላንድ ቆንስል ተደረገ። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ኩራሳው ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም ብሎ በስደተኞቹ ፓስፖርት ላይ ጻፈ። የደሴቷ ገዥ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን ሐረግ ሆን ብሎ ተወው። ሱጊሃራ በዚያች ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ በጃፓን በኩል የሚያሳልፍ የመሸጋገሪያ ቪዛ ሰጠ። ቶኪዮን ጠይቆ ነበር፤ የመጨረሻ መዳረሻቸው ያልተረጋገጠ ሰዎችን አታሳልፍ ተባለ። እሱ ግን ሰጠ። ሰዎቹ በባቡር ሳይቤሪያን አቋርጠው ቭላዲቮስቶክ ደረሱ፣ ከዚያ በመርከብ ጃፓን፣ ኋላም ብዙዎቹ ሻንጋይ። ኩራሳው የደረሰ ሰው ፍለጋ አይድከሙ፤ መንገዱ ለዚያ አልነበረም።

ስለ ሱጊሃራ ሲያወሩ ግን ይጠንቀቁ፤ በ1940 ካውናስ ውስጥ ጀርመን አልነበረም። የናዚ ወታደር ቪዛ ፈላጊውን እያሳደደ ነበር የሚል ትረካ ከሰሙ ይጣሉት። ጀርመን ሊትዌኒያ የገባችው በጁን 1941 ነው። ያኔ የቀሩት አይሁዶች በጅምላ ተገደሉ። የቪዛው ዋጋ የታወቀው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ከ1941 በኋላ ያሉት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ ናቸው። በ1944 ቡዳፔስት ላይ ቪዛ ይዞ የሚወጣበት መንገድ የለም። የስዊዘርላንዱ ካርል ሉትስና የስዊድኑ ራውል ዋለንበርግ የሰጡት ወረቀት ሰውን ከአገር የሚያስወጣ ሳይሆን እዚያው ከተማ ውስጥ በሌላ መንግሥት ጥበቃ ሥር አለ የሚያሰኝ ነበር። ሉትስ 8,000 ሰው ወደ ፍልስጤም እንዲሸኝ ተፈቅዶለት ነበር። 8,000ውን በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ቆጠረው። ከዚያ ከ1 እስከ 8,000 ያለውን ቁጥር ደጋግሞ እየጻፈ የጥበቃ ደብዳቤ ማውጣቱን ቀጠለ። አንድ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚያየው ቁጥር መቼም ከ8,000 አያልፍም። ይህን ነገር ባነበብኩ ቁጥር ያስደንቀኛል።

ዋለንበርግ ቡዳፔስት የደረሰው በጁላይ 9፣ 1944 ነው። ከዚያ ቀን በፊት በሁለት ወር ውስጥ ከሃንጋሪ ክፍላተ ሀገር ከ430,000 በላይ አይሁዶች በባቡር ተግዘው ነበር፣ አብዛኛዎቹ ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የመግደያ ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ። ስለዚህ ባቡሮቹን አስቆመ አይበሉ፤ የሠራው በዋና ከተማዋ የቀሩትን ማዳን ነው፣ ያም ትልቅ ነው። ሰላይነትም የእሱን ታሪክ ይነካዋል። ለሥራው የመለመለው ስቶክሆልም የነበረ የአሜሪካ የስደተኞች ቦርድ ተወካይ በተደራቢነት የአሜሪካ ስለላ ሰው ነበር። ሶቪየቶች በጃንዋሪ 1945 ዋለንበርግን ሲይዙት በሰላይነት ጠርጥረውት ነው፤ ከዚያ አልተመለሰም።

ከጀርመን ወገን ደግሞ ጌኦርግ ዱክቪትስን አይርሱት። ኮፐንሃገን የነበረ የጀርመን ኤምባሲ ሰው ነው። በ1943 የዴንማርክ አይሁዶች የሚታፈሱበትን ቀን አስቀድሞ ለዴንማርክ ፖለቲከኞች ነገራቸው። ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎች በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስዊድን ተሻገሩ። አንዲት ቪዛ አልተጻፈችም።

ቁጥር ላይ እለምንዎታለሁ፣ ይጠንቀቁ። ፎሊ 10,000 ሰው አዳነ ሲባል ግምት ነው፤ «ይገመታል» የምትለዋን ቃል አይዝለሏት። የሱጊሃራ ስም ዝርዝር ወደ 2,140 ስሞች አሉት፤ ያ የቪዛ ዝርዝር ነው። በአንዱ ቪዛ ቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ቪዛውን ይዞ ሳይሄድ የቀረም አለ። በ1940 ቦርዶ ላይ የአገሩን መሪ የሳላዛርን ትእዛዝ ጥሶ ቪዛ ያደለው የፖርቱጋሉ ቆንስል አሪስቲዲስ ደ ሶዛ ሜንዴስ 30,000 ሰው አዳነ ይባላል፤ የቆንስላው መዝገብ የሚያሳየው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሳይመዘገቡ የተሰጡ መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን ያን ክፍተት በፈለጉት ቁጥር መሙላት አይቻልም። ይህን የምለው ሰዎቹን ለማሳነስ አይደለም። ሆሎኮስትን፣ ማለትም የናዚን የአይሁዶች ጭፍጨፋ፣ የሚክዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የተጋነነ ቁጥር ነው፣ እነሱ እጅ ላይ መሣሪያ አንስጥ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ካለዎት አምስት ስም አይደርድሩ። ፎሊን ብቻ ይውሰዱ። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ 1938 ብለው ይጻፉ፤ ኤቪያንንና የኖቬምበሩን ሌሊት በአጭሩ ይንገሯቸው። ከዚያ የ1,000 ፓውንዱን ሕግ ያስቀምጡላቸውና ተማሪዎቹን በሹሙ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው። ከፊታቸው ገንዘብ የሌለው፣ ባሏ ዛክሰንሃውዘን ያለባት ሴት አለች። ሕጉ ማስረጃውን አንተ መዝን ይላል። ምን ታደርጋላችሁ? ተከራክረው ሲጨርሱ ያለመከሰስ መብት እንዳልነበረውና ኬንድሪክ ላይ የደረሰውን ይንገሯቸው። ቅደም ተከተሉን አያዛቡት። አደጋውን አስቀድመው ከነገሯቸው ሁሉም የፊልም ጀግና ታሪክ አድርገው ይሰሙታል፣ ስለ ወረቀቱ ማንም አያስብም። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ካገኙ ሱጊሃራንና ዝዋርተንዳይክን አንድ ላይ ያቅርቧቸው፣ ለየብቻ አይሆንም። ቡዳፔስትን ለሦስተኛው ያቆዩት፤ 1944ን ከ1938 ጋር በአንድ ቀን ማስተማር አሁን ወደጠየቁኝ ጥያቄ ነው የሚመልስዎት።